ትኬቱን ከመግዛቴ በፊት «ቆይ» ላሉኝ የጉዞ ወኪል የቀረበ ምስጋና

በትምህርት ቤት ዕረፍት ቤተሰቤን ይዤ ፀሐይ ወዳለበት የባሕር ዳርቻ ለመሄድ ስነሳ፣ ርካሽ ትኬት ፈልጎ ማግኘት የማንንም እርዳታ የሚጠይቅ ሥራ አይመስለኝም ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌሊት ሌሊት ስልኬ ላይ አፍጥጬ ዋጋ ሳወዳድር ከረምሁና፣ ቱርክ ውስጥ ላለችው አላንያ የሚሆን እጅግ የረከሰ በረራ አገኘሁ። ለመክፈል ጥቂት ሲቀረኝ ለማረጋገጥ ያህል ያማከርኋቸው የጉዞ ወኪል ግን «ቆይ፣ መጀመሪያ ሙሉ ሒሳቡን እንሥራ» አሉኝ።

ወረቀት አወጡና የትኬቱን ዋጋ ከላይ ጻፉ። ከሥሩ የሁለት ሻንጣ ክፍያ፣ ከልጆቻችን አጠገብ ለመቀመጥ የሚከፈለውን የወንበር ምርጫ፣ በመጨረሻም የታክሲውን ጨመሩበት። በረራው የሚያርፈው እኩለ ሌሊት ላይ አንታልያ ሲሆን፣ ከዚያ አላንያ ለመድረስ 120 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና መሄድ ያስፈልጋል። ከአላንያ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የሚርቀው የጋዚፓሻ አውሮፕላን ማረፊያ መኖሩን እንኳ አላውቅም ነበር። ተደምሮ ሲታይ፣ ውድ ነው ብዬ የተውሁት የጋዚፓሻ በረራ ከእኔ «ርካሽ» በረራ ያነሰ ዋጋ ያለው ሆኖ ተገኘ።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን የአራት ሰው ትኬት አፈላለጋቸው ነው። አየር መንገዶች የአንድን በረራ ወንበሮች በተለያየ የዋጋ እርከን ከፋፍለው ስለሚሸጡ፣ በዝቅተኛው እርከን ሁለት ወንበር ብቻ ቀርቶ ሳለ ለአራት ሰው ከተፈለገ፣ ሲስተሙ ብዙውን ጊዜ አራቱንም ከፍ ባለው ዋጋ ያሰላቸዋል። እሳቸው መጀመሪያ ለአንድ ሰው ፈለጉ፤ ዋጋው ወርዶ ሲያዩ ሁለት ሁለት አድርገው ለመያዝ ሐሳብ አቀረቡ። በረራው ቢለወጥ ልንለያይ እንደምንችል ግን አልደበቁኝም፤ ስለዚህም እያንዳንዱን ልጅ ከአንድ ወላጅ ጋር አጣመሩት። የመነሻ ቀናችንን ከቅዳሜ ወደ ረቡዕ፣ ጉዞውንም ከሐምሌ አጋማሽ ወደ ነሐሴ መጨረሻ ሲያዛውሩት ዋጋው ይበልጥ ወረደ። ባሕሩ በዚያን ጊዜም ገና ሞቃት ነበር።

ባለፈው ዓመት ሁለት የተለያዩ ትኬቶችን ራሴ አገጣጥሜ በመግዛቴ፣ የመጀመሪያው በረራ ሲዘገይ ሁለተኛው አምልጦኝ ሙሉ ዋጋውን ከስሬአለሁ። ይህን ስነግራቸው ስህተቴን አላጋነኑትም፤ ትራንዚት ካለ ሁለቱም በረራዎች በአንድ ትኬት ላይ መሆናቸውን እንዳረጋግጥ ብቻ መከሩኝ።

የአገልግሎት ክፍያቸውን ሥራ ሳይጀምሩ ነግረውኛል፤ በኋላም አልጨመሩበትም። አንድ ቅር የሚያሰኝ ነገር ቢኖር ከሥራ ሰዓት ውጭ ለመልእክት የማይመልሱ መሆናቸው ነው፤ እንደ እኔ ሌሊት የሚጨነቅ ሰው እስኪነጋ መታገሥ ይኖርበታል።

ስልካቸውን እንድሰጥ ፈቅደውልኛልና ለሚፈልግ ሁሉ በግል እልክለታለሁ። ስትደውሉላቸው የሁሉንም ተጓዥ ፓስፖርት አጠገባችሁ አድርጉ፤ ስሙን ፊደል በፊደል ሳያስነብቡ ምንም ነገር አይዙም።