ስናግም ችግር፣ ፒትፎልም ችግር፦ የአንድ መዝገበ ቃላት አፕ ግምገማ

ሦስት ሳምንት ስለተጠቀምኩበት የእንግሊዝኛና አማርኛ መዝገበ ቃላት አፕ ነው የምጽፈው። ስሙን አልጠራም። በዚህ ጉዳይ የሱ ቢጤዎችም ከሱ የሚሻሉ አይመስለኝም።

የሥራ ላይ ደህንነት መመሪያ እየተረጎምኩ ነበር። ሰነዱ ከዳር እስከ ዳር የሚያወራው ስለተደበቀ አደጋና ሳይታሰብ ስለሚመጣ ጣጣ ነው። እና አፑን በነዚህ ቃላት ፈተንኩት። ፒትፎል (pitfall) ብዬ ጻፍኩ፣ «ችግር» አለኝ። ስናግ (snag)? «ችግር»። ሀዛርድ (hazard)? «አደጋ፣ ችግር»። ካች (catch) ስለው ደግሞ ጭራሽ «መያዝ» ብሎ ኳስ ሊያስይዘኝ ነው።

ስህተት ነው አልልም። ግን አማርኛ እኮ በዚህ በኩል ድሃ አይደለም! ቃሉ ራሱ አደጋው ከየት እንደሚመጣ ይነግርሃል። እንቅፋት እግር ነው የሚመታው፣ እየሄድክ ካልሆነ አያገኝህም። ጋሬጣም መንገድ ላይ ነው፣ እሱ ግን እሾህ ስለሆነ ይወጋል። ማነቆ ጉሮሮ ይይዛል፣ ለዚህ ነው ሥራ አንድ ቦታ ላይ ተጠራቅሞ አላልፍ ሲል ማነቆ የምንለው። ዱብ ዕዳ ከላይ ይወርዳል፣ ሲወድቅ ድምፁ ሁሉ ይሰማል። መዘዝ ከኋላ ነው የሚመጣው፦ አንዷን ክር መዘዝ ስታደርግ ሌላው ተከትሎ ይተረተራል፣ አንተ ግን የነካኸው አንዷን ብቻ ነበር። ድጥ ያንሸራትታል፣ ማጥ ይውጣል፣ «ከድጡ ወደ ማጡ» የሚለውም ያለዚህ ልዩነት ትርጉም የለውም።

ወጥመድና አሽክላ ደግሞ ለብቻቸው ናቸው። ከበስተጀርባቸው ያጠመደ ሰው አለ። እርጥብ ወለልን «ወጥመድ» ብዬ ብተረጉመው አንባቢው ማን አጠመደው ማለቱ አይቀርም፣ የደህንነት መመሪያው ወደ ክስ ይለወጣል ማለት ነው። አፑ ግን ፒትፎል ሥር በሁለተኛነት «ወጥመድ» ብሎ አስቀምጦ ዝም። እርግጥ የእንግሊዝኛው ቃል መነሻው እንስሳ የሚጠመድበት፣ አፉ የተሸፈነ ጉድጓድ ነው። ዛሬ ግን ሰው ሳያውቀው የሚገባበትን ስህተት ሁሉ ይሸፍናል፣ ያጠመደ ሰው ኖረም አልኖረም።

ስናግ ላይ ነው በጣም የተናደድኩት። ቃሉ ወንዝ ውስጥ ሰምጦ የቀረ የዛፍ ግንድ ወይም ጉቶ ማለትም ነው። ከላይ ውሃው ሰላም ይመስላል፣ ጀልባው ግን ሆዱን ይቀደዳል። ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ስንቱን የእንፋሎት ጀልባ አስጥሟል፣ እስከነጭራሹ ሄንሪ ሽሪቭ የሚባል ሰው በ1829 (በፈረንጅ) ግንዶቹን እየነቀለ የሚያወጣ ልዩ ጀልባ አሠርቶ ነበር። ይሄንን ሁሉ ታሪክ «ችግር»? ቢያንስ «ሳንካ» ቢል ምን ነበረበት? «ሥራው አንድ ሳንካ ገጠመው» ስንል እኮ ልክ እሱን ነው የምንለው። ካችን ደግሞ ሰው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል፦ ጣጣ። «ነጻ ነው፣ ግን ጣጣ አለው»። አለቀ።

ወደ ፍለጋው ስንመጣ አፑ ራሱ ጉቶ አለበት። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ልሞክር ብዬ «ዱብ እዳ» ጻፍኩ፣ «አልተገኘም»። ይሄ የለም ማለት ነው ብዬ ትቼው ነበር። ከቀናት በኋላ በአጋጣሚ በዓይኑ «ዐ» «ዱብ ዕዳ» ብዬ ስጽፍ ተቀምጦ አገኘሁት! ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ፤ እኛ አንድ አድርገን ነው የምናነባቸው፣ ሰውም እንደመጣለት ነው የሚጽፋቸው። አፑ ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው ብሎ ድርቅ ይላል። ስንት ቃል የለም ብዬ እንዳለፍኩ እንጃ። ይሄን ቀድሞ የሚነግር አንድ መስመር የትም የለም።

ሌላም አለ። የ7 ቀን ነጻ ሙከራ ይላል፣ በ8ኛው ቀን ከካርዴ ተቆረጠ። እንደሚቆረጥ የሚገልጸው ማስታወቂያ አራተኛ ገጽ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ አለ አሉኝ። ካች ማለት ምን እንደሆነ በተግባር አሳዩኝ ማለት ነው፣ ትርጉሙን ባያውቁትም።

ደግ ደጉንም ልንገር። ቀላል ነው፣ ስልክ አያንቀራፍፍም፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የዕቃና የእንስሳት ስም ላይ እንከን አላገኘሁበትም። ተማሪ ከሆናችሁና የምትፈልጉት የአንድ ቃል ጥሬ ፍቺ ከሆነ ይበቃችኋል። ለተርጓሚ ግን አልመክርም፣ በተለይ ምሳሌ ዓረፍተ ነገር አንድም ስለሌለው። ከአምስት ኮከብ ሁለት።

ይሄንን ሁሉ ከነፊደሉ፣ ከነስናጉ ዘርዝሬ ለአዘጋጆቹ ላክሁላቸው። በማግስቱ መለሱ፦ «ላጋጠመዎት ችግር ይቅርታ እንጠይቃለን።»