አሠልጣኟ ከኋላዬ የተቀመጡበት ልምምድ

በትምህርትና በዕድገት ሥነ ልቦና ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር ሁለት ጊዜ ለተግባር ልምምድ ወጥቻለሁ። የመጀመሪያው በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ተቆጣጣሪ ሆነው የተመደቡልኝ መምህር በአራት ወር ውስጥ አንድ ቀን መጡ፤ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ሻይ ጠጡ፤ መዝገቤ ላይ ፈርመው ሄዱ። ከልጅ ጋር ተቀምጬ አንድም ጊዜ አላዩኝም። ውጤቴ ኤ ሆነ። በዚያ ኤ እስከ ዛሬ ቅር ይለኛል።

ሁለተኛው አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አነስተኛ የልጆች ምዘናና ምክር ማዕከል ነው። ስሙን የማልጠቅሰው ከዚህ በታች የማነሣው ልጅ እንዳይታወቅ ብዬ ነው። ሦስት ተማሪዎች ነበርን፤ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ እንገባለን። አሠልጣኟ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እሳቸው ሲሠሩ አሳዩን። ከዚያ በኋላ ቦታ ተለዋወጥን፤ እኛ ከልጁ ፊት፣ እሳቸው ከኋላችን ጥግ ላይ። ዓርብ ዓርብ ሪፖርታችንን መስመር በመስመር ያነባሉ።

አንድ የ3ኛ ክፍል ልጅ አያቱ ይዘውት መጡ። ከትምህርት ቤት የተነገራቸው "ሰነፍ ነው" የሚል ነው። የፊደል ገበታ ዘርግቼ እንዲያነብልኝ ስጠይቀው ከ"ሀ ሁ ሂ" ጀምሮ ሳይደናቀፍ ወረደው። "ፊደል ለይቷል" ብዬ ጻፍሁ። አሠልጣኟ ምንም ሳይናገሩ ከደብተራቸው አንድ ወረቀት ገነጠሉ፤ መሐሉን በጣታቸው በሱትና ሰጡኝ። ገበታው ላይ ሳኖረው በቀዳዳው አንድ ፊደል ብቻ ይታያል። "ሙ" መጣ፤ ልጁ ዝም አለ። "ቢ"ን "ቡ" አለው። ግዕዙን ያውቃል፤ ከካዕብ ጀምሮ ያሉትን ግን በዜማ እንጂ በቅርጽ አልያዛቸውም። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ይህን ሁሉ በቃሉ የሸመደደ ልጅ ሳይነቃበት ክፍል ከክፍል ሊያልፍ ይችላል። በሌላ አገር ፊደል የተሠራ የንባብ ፈተና ይህን አይዝም።

ሌላው ስሕተቴ ዕድሜው ላይ ነው። አያቱ "በ2007 የጥምቀት ማግስት ተወለደ" አሉኝ። የምንጠቀምበት የውጭ ፈተና የልጁን ውጤት የሚተረጉመው በዓመትና በወር በተከፋፈለ ሰንጠረዥ ነው። እኔ 7 ደምሬ 2014 ብዬ መዘገብሁ። ጥር 12 ቀን 2007 ግን በፈረንጆች ጃንዋሪ 20 ቀን 2015 ነው፤ ከፈረንጆች አዲስ ዓመት ወዲህ የሚደመረው 8 ነውና። ሚያዝያ 2016 ስንፈትነው 9 ዓመት ከ2 ወር የነበረውን ልጅ 10 ዓመት ከ2 ወር አደረግሁት። በታላላቆቹ ሚዛን ተመዝኖ ውጤቱ ያለ ጥፋቱ ሊወርድ ነበር። አሠልጣኟ "የአያትየውን ቃል እንደገና አንብቢው" አሉኝ። ቀጥለውም "ሁለቱንም ቀን በራሳችን አቆጣጠር ጽፈሽ ቀንሺ፤ ወራችን ሠላሳ ሠላሳ ነው፤ ጳጉሜን ብቻ ተጠንቀቂ" አሉ።

ማዕከሉ ጉድለት አለው። ክፍሉ መንገድ ዳር ስለሆነ ልጁ ቁጥር አዳምጦ በሚደግምበት ሰዓት የታክሲ ረዳት ጥሪ ይገባል፤ አሠልጣኟ ይህን ሪፖርቱ ላይ ሳንጽፍ አያሳልፉንም። የትራንስፖርት ወጪው ከኪሳችን ነበር። ከሁሉ የከበደኝ ግን ቤታቸው አፋን ኦሮሞ የሚናገሩ ልጆችን በአማርኛ ብቻ መመዘናችን ነው። ቋንቋውን የሚያውቅ ባለሙያ እስኪገኝ ድረስ እነዚህን ልጆች መቀበል አልነበረበትም፤ ይህንንም ለአሠልጣኟ ነግሬያቸዋለሁ።

የልምምድ ቦታ የምትመርጡ ተማሪዎች፣ ስለ ደብዳቤውና ስለ ማኅተሙ ከመጠየቃችሁ በፊት "ከልጁ ጋር ስቀመጥ ክፍሉ ውስጥ ማን አብሮኝ ይኖራል?" በሉ። እዚህ መልሱን በመጀመሪያው ቀን አገኘሁ።

የዚያን ልጅ ሪፖርት አራት ጊዜ ጻፍሁት። አራተኛውን ለአያቱ በቃል ስናስረዳቸው ታላቅ እህቱ በየቀኑ ጥቂት ፊደል እንድታስጠናው ተስማማን። እሳቸውም ቀዳዳውን ወረቀት አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።