ቲቸር፣ እግዜር ይስጥልኝ

ሚድላንድ፣ ቴክሳስ ታንከር እነዳለሁ። የነዳጅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ካለቀ በኋላ ለምርት ሲዘጋጅ የሚሞላበትን ፈሳሽ ነው የማመላልሰው። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ልባረር ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ያተረፈኝ እኛ ሹፌሮች «ቲቸር» የምንለው የፈሳሽ ባለሙያ ነው። አገር ቤት ኬሚስትሪ ያስተምር ነበር።

ጥፋቱ የኔ ነው። ታንከሩ ታጥቦ ሲወጣ የታችኛውን ቫልቭ ከፍቼ አላየሁም። ለካ 5 በርሜል ያህል ውሃ ተኝቶበታል! በላዩ 125 በርሜል ጭኜ ከተፍ አልኩ። የሳይቱ ኃላፊ ናሙናውን አየና «መልሰህ ውሰደው» አለኝ። እግሬ ከዳኝ።

ቲቸር ግን «ቆይ፣ ልለካው» አለ። ናሙናውን በኩባያ እስከ 50 ዲግሪ አሞቀ። መለኪያውን ነክሮ ቁልፉን ተጫነ። ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣ፣ 210 ቮልት ላይ ቆመ። ሲጫን 600 ነበር።

«ወተት ሲናጥ አይተህ ታውቃለህ?» አለኝ። «ወተት ላይ ቅባቱ ነው ውሃ ውስጥ የተበተነው። ቅቤ ሲሆን ይገለበጣል፤ ውሃው በጥቃቅን ጠብታ ቅባቱ ውስጥ ይቀራል። ያንተም ጭነት እንደ ቅቤው ነው።»

ናፍጣ ውስጥ የተበተነ ጨዋማ ውሃ ማለቱ ነው። ናፍጣ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ጠብታዎቹ ተለያይተው ከተያዙ ቮልቱ በጣም ካልጨመረ ጅረቱ አያልፍም፤ ቁጥሩ ከወረደ ድብልቁ ላልቷል ማለት ነው። ክብደቱ የሚመጣው ከጨዋማው ውሃ ነው፤ ስለዚህ የአለቱን ቀዳዳ የሚደፍን ዱቄት አይጨመርበትም። ከውጭ ያለው ናፍጣ በመሆኑ ደግሞ አለቱ ውስጥ ያለው ሸክላ ውሃ ጠጥቶ አያብጥም። አምስት ዓመት ስጭነው ይህን የነገረኝ አልነበረም።

ከዚያ ናሙናውን አፍልቶ ናፍጣና ውሃውን ለየ። 80 ለ 20 መሆን የነበረበት 77 ለ 23 ሆኗል። የሳይቱ ማደባለቂያ ጋን ውስጥ አስገለበጠኝና 20 በርሜል ናፍጣ፣ የጎደለውን ካልሲየም ክሎራይድ፣ ኖራና ማያያዣ ኬሚካል ጨመረ። ፓምፑ ሦስት ሰዓት አዞረው። እኔ ጋቢናዬ ውስጥ ስጸልይ ነበር፣ አልዋሽም። እንደገና ሲለካ 580! ኃላፊው ምንም ሳይናገር ፈረመ።

ሳንቲም አልተቀበለኝም። እዚህና ጎረቤታችን ኦዴሳ ከተማ የምትሠሩ ሹፌሮች፣ ጭነታችሁ ካጠራጠራችሁ ሳትገለብጡ ፈልጉት። ትንሽ ይቆጣል፤ ሥራውን ግን ያውቃል። ስልኩን እዚህ አለጥፍም፣ ኢንቦክስ አድርጉኝ። ብቻ ከመደወላችሁ በፊት ቫልቩን ክፈቱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።