የሜታሊካ «ዴዝ ማግኔቲክ»፦ ሲዲው ከስምንት ወር በኋላ

የሄቪ ሜታል ባንዱ የሜታሊካ አልበም «ዴዝ ማግኔቲክ» በ2008 እ.ኤ.አ. ሲወጣ «የድሮው ሜታሊካ ተመለሰ» ተብሎለት ነበር። 10 ዘፈን፣ 75 ደቂቃ ገደማ። ሲዲው ስምንት ወር ሙሉ በመኪና ቴፕ፣ በቤት ስፒከርና በጆሮ ማዳመጫ ተፈትኗል። የድሮው አጻጻፍ በእርግጥ ተመልሷል፤ የድሮው ድምፅ ግን የለም።

ከሱ በፊት የነበረው «ሴይንት አንገር» (2003) የጊታር ሶሎ የሌለበት፣ ቅኝቱ በጣም የወረደ፣ ስኔር የሚባለው ከበሮ ከሥሩ ያለው ሽቦ ተለቆ እንደ ቆርቆሮ የሚጮኽ ሥራ ነበር። አዲሱ ፕሮዲውሰር ሪክ ሩቢን ባንዱ «ማስተር ኦፍ ፐፔትስ»ን (1986) በሠራበት ጊዜ እንደነበረው እንዲያስብ ገፋፋው። ቅኝቱ በአብዛኛው ወደ መደበኛው የጊታር ቅኝት (ኢ) ከፍ አለ፣ የጊታሪስቱ የከርክ ሃሜት ሶሎም ተመለሰ።

የመመለሱ ምልክት ጎልቶ የሚታየው 4ኛው ትራክ ላይ ነው። በ1984ቱ አልበም 4ኛው «ፌድ ቱ ብላክ»፣ በ1986ቱ «ሳኒታሪየም»፣ በ1988ቱ «ዋን» ነበሩ። ሦስቱም በንጹሕ ጊታር ቀስ ብለው ይጀምሩና በፈጣን ሩጫ ያልቃሉ። እዚህም 4ኛው «ዘ ዴይ ዛት ኔቨር ከምስ» ነው፤ በዚያው መንገድ ሄዶ ድምፃዊው ዝም ሲል ጊታሮቹ ብቻቸውን ይጋልባሉ። 9ኛው ትራክ 10 ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሰከንድ የቀረው፣ ግጥም የሌለው ሙዚቃ ነው፤ ባንዱ ከ1988 ወዲህ በስቱዲዮ አልበሙ እንዲህ ያለ አላስገባም ነበር። ትንሽ ይረዝማል፣ መሃሉ ላይ ያለው ዜማ ግን ይክሳል። በፒያኖና በኦርኬስትራ የሚከፈተው «ዘ አንፎርጊቨን» ሦስተኛው ክፍል በስሙ ብቻ የቆመ ዘፈን ነው፤ ከስድስተኛው ወር በኋላ መዝለል ይመጣል። የመጨረሻው «ማይ አፖካሊፕስ» አጭርና ፈጣን ነው፣ እንደ ድሮዎቹ መዝጊያዎች።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ያ የ4ኛ ትራክ ቅርጽ የሚኖረው በዝቅታና በጩኸት ልዩነት ነው። ሲዲው ላይ ደግሞ ሁሉም ከሚገባው በላይ ተጨምቋል፣ ዝቅታውና ጩኸቱ ተቀራርቧል፤ ይህን ልዩነት በሚለካው የዳይናሚክ ሬንጅ መለኪያ 3 ብቻ ያወጣል፣ ይህም በጣም ዝቅተኛ ነው። ለስለስ ያለው መግቢያ በሚገባው ልክ ዝቅ ስለማይል፣ ከባዱ ጊታር ሲገባ ከፍ የሚልበት ቦታ አጥቶ ይሰነጠቃል። ድራሙ ሲመታ የሚሰማው ፍርክስክስ ከስፒከሩ አይደለም፤ ስፒከር ከመቀየርዎ በፊት ይህን ይወቁ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ትራኩን ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ይክፈቱ፣ ከእይታ ምናሌው ክሊፒንግ (የድምፁ ጫፍ መቆረጥ) የሚያሳየውን ይምረጡ፣ ከዚያ ድራም የሚመታበት ቦታ ላይ አጉሉ። የሞገዱ ጫፍ በመቀስ እንደተቆረጠ ጠፍጣፋ ሆኖ ቀይ መስመር በመስመር ይሆናል። ድምፅ መቀነስ ይህን አይጠግነውም፤ የተቆረጠው በቀረጻው ውስጥ ነው። የስትሪሚንግ መተግበሪያዎች ድምፅ ማመጣጠኛም ዝቅ ያደርገዋል እንጂ ጫፉን አይመልስም። ባስና ትሬብል መጨመርማ ያባብሰዋል።

ጥፋቱን ማስተሪንግ (የመጨረሻውን የድምፅ ዝግጅት) የሠራው ቴድ ጄንሰን ላይ መጫን አያስኬድም፤ ሚክሱ (የተቀናጀው ቀረጻ) እጁ የደረሰው አስቀድሞ ተጨምቆ ነው። ለ«ጊታር ሂሮ» የቪዲዮ ጨዋታ የተሰጠው ቅጂ ግን እንዲህ ስላልተጨመቀ፣ አድናቂዎች ከጨዋታው እያወጡ ማዳመጥ ጀመሩ። ነገሩ ሊያስቅ ይችላል፣ ግን ልክ ነበሩ።

በመኪና ውስጥ፣ የሞተርና የመንገድ ጫጫታ ስለሚሸፍነው ሲዲው ምንም አይልም። በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ግን ከአራት ዘፈን በኋላ ጆሮ ይዝላል፤ ለሁለት ከፍሎ ማዳመጥ ይሻላል። ገና የሚገዛ ሰው ሲዲውን ትቶ በ2015 ለአይቲዩንስ እንደገና የተዘጋጀውን ይውሰድ፤ እዚያ 4ኛው ትራክ ሲፈነዳ ይሰማል።