የሰማችኝን ባለሙያ ላመስግናት

ይህን ልጽፍ ስንቴ አስቤ እንደተውኩት! ዛሬ ግን ካላመሰገንኳት ይቆጨኛል።

ታላቅ ወንድሜ ካረፈ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። በሞተበት ዕለት ደውሎልኝ ነበር። ተኳርፈን ስለነበር አላነሳሁለትም። ይህን ለሰው ትንፍሽ ሳልል ወራት ከረምኩ።

መጀመሪያ የሄድኩበት የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ስሙ ይቅርና፣ ግድግዳው በሰርተፍኬት የተሞላ ነበር። እኔ ስናገር እሱ ኮምፒውተሩ ላይ ይጽፋል። ልክ ስለ ወንድሜ ስጀምር ስልኩ ጠራ፤ አነሳው። ጨርሶ ሲመለስ «እሺ፣ የት ደርሰን ነበር?» አለኝ። ሆድ ባሰኝ። ሁለተኛዋ ደግሞ ሳልጨርስ ምክሯን ደረደረችው። «ጠንከር በል፣ ያልፋል።» ይህንንማ ከወዳጅ ዘመድ ሰምቼ ጠግቤዋለሁ። የሚያንገበግበኝ የከፈልኩት ገንዘብ አይደለም። ከዚያ በኋላ አፌን ለመክፈት መፍራቴ ነው።

ሦስተኛዋ ጋ የሄድኩት እህቴ ለምናኝ ነው። የመጀመሪያው ቀን ቃል አልወጣኝም። ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች። ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ሰዓቷን አንዴም አላየችም። ብዙ ቆይታ፣ ቀስ ብላ፣ «ዛሬ የግድ መናገር የለብህም። እኔ እዚሁ አለሁ» አለችኝ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ስለ ስልኩ ነገርኳት። አልፈረደችብኝም። ቶሎ ልታጽናናኝም አልተጣደፈችም። «ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻህን ነዋ የተሸከምከው» ነው ያለችኝ።

አንድ ቀን ደግሞ የተናገረችው ነገር ከነከነኝ። ምንም ሳልል ወጣሁ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ገና ከመቀመጤ፣ «ባለፈው የቸኮልኩ መሰለኝ፤ ፊትህ ተለዋውጦ ነበር። አስቀይሜህ ከሆነ ይቅርታ» አለችኝ። ባለሙያ ይቅርታ ሲጠይቀኝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ሙሉ በሙሉ ያመንኳት ያን ቀን ነው።

ስለ ሕክምናው ዘዴ ብትጠይቁኝ አላውቅም። የሰጠችኝን የቤት ሥራ ሠራሁ፤ እንቅልፌም ቀስ በቀስ ተመለሰ። በኋላ ሳነብ ግን ካርል ሮጀርስ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ገና እ.ኤ.አ. በ1957 ይህንኑ ጽፎት ኖሯል። ሰው እንዲለወጥ ባለሙያው ስሜቱን ሊረዳለት፣ ሳይፈርድ ሊቀበለውና ከልቡ ሊቀርበው ይገባል ይላል። እኔ ያየሁት ይህንን ነው። ሰው አያያዝን ከሙያው ውጪ እንደሆነ ጸባይ የሚቆጥሩ ባለሙያዎች ቢያስቡበት እላለሁ። ሥራው ራሱ እኮ ይሄ ነው!

ወዳጆቼ፣ የከበዳችሁ ነገር ካለ እባካችሁ ሂዱ። አንዱ ካልሰማችሁ ሌላ ጋ ሂዱ። እባካችሁ፣ በአንዱ ተቀይማችሁ እንዳትቀሩ። ስሟን እዚህ ያልጻፍኩት ስላላስፈቀድኳት ነው። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።

አንቺም ይህን ካነበብሽው፣ የወንድሜን ፎቶ ትናንት ማታ ከመሳቢያ አውጥቼ ሳሎን ሰቀልኩት። እግዜር ይስጥልኝ።