ዘጌ ከሄዳችሁ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ብቻዋን ትበቃለች

ባሕር ዳር ወደብ ላይ የጣና ገዳማትን በጀልባ ለማየት «አምስት ገዳም በግማሽ ቀን» የሚል ጥቅል ይሸጥላችኋል። ይቅርባችሁ።

እኔ እናቴን ከደብረ ማርቆስ አምጥቼ ነው የሄድኩት። ጀልባው ራሱ ደህና ነው፤ ሞተሩ አላስቸገረም፣ ዘጌ ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ቢፈጅ ነው። ችግሩ ባለጀልባው። ገና ከመውረዳችን «40 ደቂቃ አላችሁ!» አለ። እንዴ! በእናቴ ጉልበት ዳገቱ ብቻ ስንት ሊፈጅ ነው?

ዳገቱ ግን ደስ ይላል። ግራና ቀኙ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የበቀለ ቡና ነው። ዘጌ ላይ በበሬ ማረስ በገዳሙ ሥርዓት የተከለከለ ስለሆነ ደኑ እስካሁን አለ። ቡናውን፣ ጌሾውንና ሎሚውን ያስገኙልን አቡነ በትረ ማርያም ናቸው ይላል የአገሩ ሰው።

ጫማ አውልቀን ዑራ ቤተ ክርስቲያን ገባን። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን ሥዕል ነው። አንድ ወጣት ዲያቆን በዘንግ እያመላከተ ያስረዳል፤ ሳይቸኩል፣ ጎበዝ ልጅ ነው። እናቴ በላዔ ሰብእ ጋ ስትደርስ አልነቃነቅ አለች። 78 ሰው በልቶ በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውሃ የዳነው። ታሪኩን በየዓመቱ የካቲት 16 ስትሰማው የኖረች ሴት ናት።

«እማማ፣ ኃጢአተኛ በጎን ነው የሚሳለው፤ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው» አላት ዲያቆኑ። በቃ! ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ፊት እየተጠጋች ዓይን መቁጠር ሆነ ሥራዋ። «ይኼ አንድ ዓይን ነው፣ ወየው!» ትላለች። ይህን ስታደርግ ነው ባለጀልባው የደወለው።

አጣድፎ የወሰደን ወዴት መሰላችሁ? ክብራን ገብርኤል። ሴት የማይገባበት ገዳም! ወንዶቹ ሲገቡ እኔና እናቴ ሙሉ ሂሳብ ከፍለን ጀልባ ላይ ተቀመጥን። ቀድሞ ቢነግረን ምን ነበረበት?

ስለዚህ ጀልባ ስትይዙ ለዑራ ብቻ ተነጋገሩ፤ ዋጋውንም የምትቆዩበትንም ሰዓት ሳትሳፈሩ ጨርሱ። የቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ ለብቻው ይከፈላል። ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት ጣና ይነፍሳል።

ቡና ከፈለጋችሁ መንገዱ ዳር ከሚሸጡት እናቶች ጥሬውን ግዙ። የተፈጨውን ሞክሬዋለሁ፤ አርሯል።