ይህችን ሲስተር ሳላመሰግን አላልፍም

የእርግዝና ክትትል የት ልጀምር ለምትሉ እህቶቼ ነው የምጽፈው።

አምስተኛ ወሬ ላይ ከተቀመጥኩበት ስነሳ ዓይኔ ይጨልማል። ይነስረኛል። ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ይደማል። የእግሬ ደም ሥርም ተገታትሮ ወጣ። ደህና ብር ከፍዬ የምታይበት ክሊኒክ ሄድኩ። ግፊቴን የለካችኝ ልጅ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «ዝቅ ብሏል» ብላ ጻፈች፣ በቃ። ዶክተሩ ከስልኩ ሳይላቀቅ ላብራቶሪ ላከኝ፣ ደግሞ ሌላ ላብራቶሪ። «ነስሩስ?» ስለው «እርጉዝ አይደለሽ እንዴ?» አለኝ። ይሄ መልስ ነው? ቤት ስገባ አማቴ ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሸተቱኝ። እሳቸው ይሻሉኛል።

በጎረቤቴ ጉትጎታ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አዋላጇ ሲስተር መጀመሪያ አሳረፈችኝ። ለካች፣ ጠበቀች፣ ደግማ ለካች። ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የሚባሉት ሆርሞኖች የደም ሥርን ያላላሉ አለችኝ። ደሙም ለልጁ እንዲበቃ እስከ ግማሽ ያህል ይጨምራል። ቧንቧው ሰፋ ሲል ግፊቱ ይወርዳል፣ ወደ መጨረሻው ይመለሳል። ነስሩም፣ ድዱም፣ የእግሬም ነገር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ሌላም ብዙ ብላኛለች፣ አልዋሽም አልገባኝም። «ቀስ ብለሽ ተነሺ፣ በግራ ጎንሽ ተኚ። እኔ የምፈራው ከፍ ሲል ነው። 140/90 ከደረሰ፣ ራስ ምታት አልለቅ ካለሽ፣ ዓይንሽ ብዥ ካለ፣ ፊትና እጅሽ ካበጠ፣ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ሂጂ።»

ከዚያ ጎንበስ ብላ ጫማዬን አወለቀች። ቁርጭምጭሚቴን ጫን ጫን አድርጋ እብጠቱን አየች። መልሳ አጥልቃልኝ ክሩን አሰረችልኝ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ጫማዬን ያሰረልኝ ሰው አልነበረም። እዚያው እንባዬ መጣ። እሷም ምንም ሳትል ሶፍት አቀበለችኝ።

ዘጠነኛ ወሬ ላይ ራሴን ሲያመኝ ሮጬ እሷ ጋ ሄድኩ። ግፊቴንም ሽንቴንም አየች፣ ደህና ነበርኩ። በባዶ ሜዳ አስጨነቅሽን አላለችኝም። «እንኳን መጣሽ» ነው ያለችኝ። ሲስተርዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥሽ!

ክትትሉ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው። ሂዱ፣ እባካችሁ ሂዱ። ሳታውቅ ስሟ እንዲዞር ስለማልፈልግ እዚህ አልጽፈውም። በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እነግራችኋለሁ። ደግሞ በጠዋት ሂዱ፣ ወረፋው አይጣል ነው።